የቴይልዊንድ ኮንፊግ ፋይል ከኤፒአይ የሚመጣ ቀለም እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል?

ሰሌዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለተለያዩ የግል ትምህርት ቤቶች የሚያገለግል የተማሪዎች ምዝገባና ውጤት መከታተያ ሥርዓት እየሠራን እንገኛለን። ኮዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በራሱ ንዑስ ዶሜይን ስለሚገባ ዓርማውን፣ ዋናና ረዳት ቀለሙን፣ እንዲሁም ለርዕስ የሚጠቀምበትን ፎንት ከአስተዳዳሪው ገጽ ላይ ራሱ ይመርጣል። ምርጫው ዳታቤዝ ውስጥ ተቀምጦ በኤፒአይ (ፕሮግራሞች ዳታ በሚለዋወጡበት መገናኛ) በኩል በጄሰን (ዳታ በሚጻፍበት የጽሑፍ ቅርጽ) ይመጣል። ስታይሉ በሙሉ የተሠራው የሲኤስኤስ ክላሶችን በሚያመነጨው መሣሪያ በቴይልዊንድ 3.4 ሲሆን፣ ቢልድ የምናደርገው (ኮዱን ለብራውዘር የምናዘጋጀው) በቪት ነው።

ያሰብነው የቴይልዊንድ ኮንፊግ ፋይል ራሱ ኤፒአዩን ጠርቶ፣ ቀለሞቹ እስኪመጡ ጠብቆ፣ ከዚያ የመልክ ቅንብሩን እንዲሞላ ነበር። ለዚህም በፋይሉ ውስጥ አንድ አሲንክ (ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ የሚችል) ፈንክሽን ጽፈን፣ ጥሪውን በውስጡ አድርገን፣ የፈንክሽኑን ውጤት ኤክስፖርት አደረግን። ቢልዱ ሳይቋረጥ ያልቃል። ነገር ግን ተርሚናሉ ላይ የኮንተንት ቅንብር (የሚታሰሱት ፋይሎች ዝርዝር) የለም ወይም ባዶ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ የሚፈጠረውም የሲኤስኤስ ፋይል ከቴይልዊንድ መሠረታዊ ስታይል በስተቀር እኛ የምንጠቀምባቸውን ክላሶች አንዳቸውንም አይዝም። የኮንተንት ዝርዝሩ ግን ፈንክሽኑ በሚመልሰው ኦብጀክት ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። አዌይትን (ጠብቅ የሚለውን ትእዛዝ) ከፈንክሽኑ አውጥተን በፋይሉ የላይኛው ደረጃ ላይ ስንጽፈው ደግሞ ፋይሉ ጭራሽ አይነበብም። የሚገርመው፣ የቪት ኮንፊግ አሲንክ ፈንክሽን ሲሰጠው ያለ ምንም ችግር ይጠብቃል።

ስለዚህ ማወቅ የምንፈልገው በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ያሉ ሁለት ኮንፊግ ፋይሎች እንዲህ የሚለያዩት ለምን እንደሆነ፣ ቴይልዊንድንም እንዲጠብቅ የሚያደርግ ተቀባይነት ያለው መንገድ ካለ የትኛው እንደሆነ ነው።

ማገር

ከማስጠንቀቂያው ልጀምር፤ መልሱ እዚያ ውስጥ አለ። አሲንክ ፈንክሽን ሲጠራ ወዲያውኑ የሚመልሰው እናንተ የጻፋችሁትን ኦብጀክት ሳይሆን ፕሮሚስ (ውጤቱ ወደፊት እንደሚመጣ የሚገልጽ ነገር) ነው። ቴይልዊንድ 3 የኮንፊግ ፋይሉን የሚያነበው በሲንክሮነስ መንገድ ስለሆነ፣ ከፋይሉ የወጣለትን ነገር ምንም ሳይጠብቅ እንደ ተራ ኦብጀክት ይወስደዋል። በፕሮሚሱ ላይ ኮንተንት የሚባል ቁልፍ ሲፈልግ አያገኝም፤ የመልክ ቅንብሩንም ሲፈልግ አያገኝም። የትኞቹን ፋይሎች እንደሚያስስ ካላወቀ ደግሞ የሚያመነጨው ክላስ አይኖርም። ቪት በአንጻሩ ኮንፊጉ ፈንክሽን ሆኖ ሲያገኘው ይጠራዋል፣ የተመለሰውም ፕሮሚስ ከሆነ ይጠብቀዋል፤ ይህ በዶክመንቴሽኑ ላይ የተጻፈ የታወቀ አጠቃቀም ነው። ልዩነቱ እንግዲህ የጃቫስክሪፕት ሳይሆን፣ ፋይሉን የሚያነበው መሣሪያ ለመጠበቅ ተዘጋጅቷል ወይስ አልተዘጋጀም የሚለው ነው።

በላይኛው ደረጃ ላይ የሚጻፈው አዌይትም እንቅፋቱ ተመሳሳይ ነው። ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው ኖድ ከ14.8 ጀምሮ በኢኤስ ሞጁሎች (በአዲሱ የጃቫስክሪፕት ፋይል አደረጃጀት) ውስጥ ይፈቅደዋል፤ ሞጁሉ በሲንክሮነስ መንገድ በሪኳየር (በድሮው የፋይል ማንበቢያ ትእዛዝ) እንዲነበብ ከተጠየቀ ግን የሚጠብቅለት አካል የለም። ኢኤስ ሞጁልን በሪኳየር ለማንበብ ያለ ተጨማሪ ፍላግ የሚፈቅደው ኖድ 22.12 እንኳ፣ ሞጁሉ በላይኛው ደረጃ አዌይት ካለው ስህተት አውጥቶ ይመልሰዋል።

አሁን ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። ቴይልዊንድ በትዕግሥት ቢጠብቅላችሁ ኖሮ እንኳ የምትፈልጉትን አታገኙም ነበር። ኮንፊጉ የሚነበበው ቢልድ በሚደረግበት ጊዜ፣ በእናንተ ኮምፒውተር ወይም በቢልድ ሰርቨሩ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የትኛው ወላጅ በየትኛው ንዑስ ዶሜይን እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። ታዲያ የየትኛውን ትምህርት ቤት ቀለም ነው የሚያመጣው? ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የተለየ ቢልድ ካላደረጋችሁ በስተቀር መልስ የለውም። ለየብቻ ብታደርጉም፣ አንድ ርእሰ መምህር ከቀትር በኋላ ቀለሙን ቢቀይር፣ አዲስ ቢልድ ተደርጎ ዲፕሎይ እስኪሆን ድረስ ገጹ ላይ ምንም ለውጥ አያይም። ብራውዘሩ ዘንድ የሚደርሰው ያለቀለት የሲኤስኤስ ፋይል እንጂ ቴይልዊንድ ራሱ አይደለምና።

ስለዚህ ኮንፊጉን እንዲጠብቅ ለማድረግ ከመድከም ይልቅ፣ ቢልድ ሲደረግ መታወቅ ያለበትን ነገር ወላጁ ገጹን ሲከፍት ብቻ ከሚታወቀው ነገር መለየት ይገባል። የቀለሙ ስም የመጀመሪያው ነው፤ የቀለሙ ዋጋ የሁለተኛው።

ቀስተ ደመና

ማገር ያሉትን በተግባር ላሳይ። ኮንፊጉ ውስጥ ቁርጥ ያለ የቀለም ቁጥር አትጻፉ፤ የሲኤስኤስ ተለዋዋጭን ስም ብቻ ጻፉ። ቴይልዊንድ ዋናውን ቀለም የሚጠቀሙትን ክላሶች ሁሉ አንድ ጊዜ ያመነጫል፤ ክላሶቹ ግን ወደ ተለዋዋጩ ያመለክታሉ እንጂ ቀለሙን በውስጣቸው አይዙም። ከኤፒአይ የሚመጣው ዋጋ በገጹ ሥር (ሩት) ኤለመንት ላይ እንዲህ ይቀመጣል፦

--ዋና-ቀለም: 15 118 110;
--ረዳት-ቀለም: 250 204 21;

የሲኤስኤስ ደንብ የግዕዝ ፊደላትን በተለዋዋጭ ስም ውስጥ ስለሚፈቅድ ይህ እንዳለ ይሠራል። በስም አወጣጥ ላይ ቡድናችሁ የለመደውን መከተል ትችላላችሁ፤ እኔ ግን አስተዳዳሪው በገጹ ላይ የሚያነበው ስምና በኮዱ ውስጥ ያለው ስም አንድ መሆኑ ያግባባል ብዬ አምናለሁ።

ቁጥሮቹ (የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን) ለምን በቦታ ብቻ ተለያይተው እንደተጻፉ ልብ በሉ። በቴይልዊንድ 3 የቀለሙን ግልጽነት በክላሱ ስም ላይ ማስተካከል ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ ዋናው ቀለም በ50 በመቶ እንዲታይ፣ ኮንፊጉ ውስጥ የሚጻፈው ዋጋ የአርጂቢ ፈንክሽን መሆን አለበት፤ በውስጡም በመጀመሪያ ተለዋዋጩ፣ ቀጥሎ ስላሽ፣ ከዚያም ቴይልዊንድ በራሱ የሚተካው የአልፋ ቫልዩ ምልክት ይገባል። ተለዋዋጩ ሙሉውን ቀለም ከነ# ምልክቱ በሄክስ (በአሥራ ስድስትዮሽ ቁጥር) ከያዘ፣ ቴይልዊንድ 3 ግልጽነቱን የሚያስገባበት ቦታ አያገኝም። ስለዚህ አስተዳዳሪው የሚመርጠው ቀለም በሄክስ የሚመጣ ከሆነ፣ ወደ ሦስት ቁጥር የሚቀይረው ሥራ በሰርቨሩ በኩል ቢያልቅ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። ከኤፒአይ የመጣን የቀለም ስም ከክላስ ቅድመ ቅጥያ ጋር በጃቫስክሪፕት አገናኝታችሁ ክላስ ለመፍጠር አትሞክሩ። ቴይልዊንድ ኮዳችሁን አያስኬድም፤ ፋይሎቹን እንደ ተራ ጽሑፍ አስሶ፣ ሙሉ ሆነው የተጻፉ የክላስ ስሞችን ብቻ ይለቅማል። ግማሹ በኮድ፣ ግማሹ በዳታቤዝ ያለ ስም በጽሑፉ ውስጥ ስለማይገኝ ስታይሉ አይመነጭም። ግድ ከሆነ በቴይልዊንድ 3 የሴፍሊስት ቅንብር (በፋይሎቹ ውስጥ ባይገኙም እንዲመነጩ የሚታዘዙ ክላሶች ዝርዝር) አለ፤ በተለዋዋጮች ከሠራችሁ ግን ብዙም የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም።

ሰሌዳ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለዋዋጮች ሠርተነው ቀለሞቹ ያለ አዲስ ቢልድ መቀየር ጀምረዋል፤ የ50 በመቶው ግልጽነትም ይሠራል።

አሁን የቀረን ብልጭታው ነው። ገጹ መጀመሪያ በእኛ ነባሪ አረንጓዴ ይከፈትና፣ ጄሰኑ ሲደርስ ወደ ትምህርት ቤቱ ቀለም ይለወጣል። በቢሮ ኢንተርኔት ለማስተዋል ያስቸግራል፤ አብዛኞቹ ወላጆች በሚጠቀሙት የሞባይል ዳታ ግን ለውጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ አንዳንዶቹም የሌላ ትምህርት ቤት ገጽ የከፈቱ መስሏቸው ይመለሳሉ። አንድ የሥራ ባልደረባችን ቴይልዊንድን በብራውዘር ውስጥ በሚሠራው ስክሪፕት ጭነን ኮንፊጉን እዚያው እንድንሞላ ሐሳብ አቅርቧል። ምን ትላላችሁ?

ድርና ማግ

የባልደረባችሁን ሐሳብ አልደግፍም። ያ ስክሪፕት ቴይልዊንድን ራሱን ወደ ስልኩ አውርዶ፣ ገጹን አስሶ፣ ሲኤስኤሱን እዚያው የሚያመነጭ ነው። ለሙከራና ለልማት ጊዜ የተዘጋጀ መሆኑን ዶክመንቴሽኑም ይናገራል። በዝግተኛ ስልክ ላይ ብልጭታውን ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም።

ብልጭታው ከየት እንደሚመጣ በቅደም ተከተል እንየው። ስልኩ መጀመሪያ ኤችቲኤምኤሉን ያወርዳል፤ እሱን ሲያነብ ሲኤስኤሱንና ጃቫስክሪፕቱን ይጠይቃል፤ ጃቫስክሪፕቱ ወርዶ ካለቀና መሮጥ ከጀመረ በኋላ ብቻ ነው ኤፒአዩ የሚጠራው። ማለትም ገጹን ለመሳል መጀመሪያ መታወቅ የነበረበት ነገር፣ ከሁሉም በኋላ ተሰልፎ ይጠየቃል። ስልኩ ከሰርቨሩ ጋር የሚያደርገው እያንዳንዱ ምልልስ በሞባይል ኔትወርክ ላይ ውድ ስለሆነ፣ ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር አረንጓዴው ረዘም ላለ ጊዜ ይታያል። ጥሪውን ማፋጠን ብቻውን አይበቃም፤ ቦታውን መቀየር ያስፈልጋል።

እኔ የምመርጠው መፍትሔ ቀለሙን በጄሰን መላክ ትቶ በሲኤስኤስ መላክ ነው። ከዋናው የሲኤስኤስ ፋይል በታች፣ በገጹ ራስጌ ውስጥ፣ ሁለተኛ የስታይል ሊንክ አስገቡ። ሊንኩ የሚያመለክተው አድራሻ በዲስክ ላይ ያለ ፋይል ሳይሆን ሰርቨራችሁ የሚያዘጋጀው ምላሽ ይሁን፤ ሰርቨሩ የመጣበትን ንዑስ ዶሜይን አይቶ፣ ቀስተ ደመና የጻፉትን የመሰሉ ጥቂት የተለዋዋጭ መስመሮች ብቻ ይመልሳል። ከዚህ በኋላ የመጠበቁን ሥራ የሚሠራው ብራውዘሩ ራሱ ነው። ሁለቱን የሲኤስኤስ ፋይሎች ጎን ለጎን ያወርዳል፣ በራስጌ ያለ ስታይል እስኪደርስ ድረስም ገጹን አይስልም፤ ስለዚህ አረንጓዴው ፈጽሞ አይታይም። የጻፋችሁት አሲንክ ኮድ በሙሉ ይወገዳል። ብዙ ሰው ስታይልን በጃቫስክሪፕት ለመጫን የሚደክመው ይህን ብራውዘሩ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራውን ሥራ ዘንግቶ ነው፤ እኔን በጣም የሚቆጨኝ ነገር ነው።

ካሹን (ብራውዘሩ ለቀጣይ ጊዜ የሚያስቀምጠውን ቅጂ) ግን በጥንቃቄ አስቡበት። ለረጅም ጊዜ ካሽ እንዲደረግ ከፈቀዳችሁ፣ አስተዳዳሪው ቀለም ቀይሮ የድሮውን እያየ ይቸገራል። ጭራሽ ከከለከላችሁ ደግሞ ወላጁ በከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ይወርዳል። ምላሹ ላይ ኢታግ (የፋይሉን ቅጂ የሚለይ ምልክት) አድርጉ፤ ብራውዘሩ በየጊዜው ይጠይቅ፣ ያልተለወጠ ከሆነ ሰርቨሩ በ304 (አልተለወጠም በሚለው ኮድ) ይመልስ። ትምህርት ቤቶቹ በንዑስ ዶሜይን ስለተለያዩ የአንዱ ካሽ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። በአንድ ዶሜይን ሥር በተጠቃሚ ኩኪ ብቻ የሚለያዩ ቢሆን ኖሮ ግን የትምህርት ቤቱን መለያ በፋይሉ አድራሻ ውስጥ ማስገባት ግዴታ ይሆን ነበር።

ለፎንቱም መንገዱ ያው ነው፤ የርዕሱ ፎንት ስም በተለዋዋጭ ይመጣል። ነገር ግን የአማርኛ ፎንት ከላቲኑ የበዙ ፊደላትን ስለሚይዝ ፋይሉ ከበድ ይላል። ትምህርት ቤቱ የፈለገውን ፋይል እንዲጭን ከመፍቀድ ይልቅ፣ እናንተ ካዘጋጃችኋቸው ጥቂት ፎንቶች እንዲመርጥ አድርጉ፤ ፎንቱ እስኪደርስም ጽሑፉ በስልኩ ፎንት እንዲታይ ፎንት ዲስፕሌይን ስዋፕ አድርጉት። ወላጅ ውጤት ለማየት ገብቶ ባዶ ገጽ መጠበቅ የለበትም።

ጎህ

የድርና ማግ መፍትሔ ጥሩ ነው፤ አንድ ሐሳብ ግን እቃወማለሁ። ብራውዘሩ ሁለተኛውን ፋይል እስኪያገኝ ገጹን የማይስል ከሆነ፣ ያን ምላሽ የሚያዘጋጀው ሰርቨር ወይም ዳታቤዝ ሲዘገይ ወላጁ የሚያየው ነባሪውን አረንጓዴ ሳይሆን ነጭ ገጽ ነው። ብልጭታን ለማስወገድ ብለን ገጹን በሙሉ ለአንድ ቀለም ማስያዝ ተገቢ አይመስለኝም። ስለዚህ ከተቻለ ተለዋዋጮቹን በተለየ ፋይል ሳይሆን በኤችቲኤምኤሉ ራስጌ ውስጥ በስታይል ታግ አስገብታችሁ ላኩ፤ ያን ጊዜ ተጨማሪ ጥያቄ የለም፣ የሚዘገይም ፋይል አይኖርም። ገጹ በሰርቨር የሚሳል ከሆነ ይህ ቀላል ነው። ከቪት የሚወጣውን አንድ የማይለወጥ ኤችቲኤምኤል ብቻ የምታቀርቡ ከሆነም፣ የዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ በኤስኤስአይ (በገጽ ውስጥ ሌላ ይዘት በሚያስገባ ባሕርይው) አማካይነት ገጹን ሲያሳልፍ ከኋላ ካለው ሰርቨር ጥቂት መስመር ጠይቆ እንዲያስገባ ማድረግ ይቻላል። የተለየ ፋይል ከመረጣችሁ ግን ሰርቨሩ ቀለሞቹን ከሚሞሪው እንዲያነብ እንጂ በየጥያቄው ከዳታቤዝ እንዳያነብ፣ ቢሳነውም ነባሪዎቹን ወዲያው እንዲመልስ አድርጉ።

በሁለቱም መንገድ ልታስቡበት የሚገባ የደኅንነት ጉዳይ አለ። ተጠቃሚ የጻፈውን ዋጋ በቀጥታ ወደ ገጽ እያስገባችሁ ነው። የቀለም ሳጥኑ ውስጥ ቀለም በመጻፍ ፈንታ የስታይል ታግን የሚዘጋ ጽሑፍና ስክሪፕት የሚያስገባ ሰው ቢኖር፣ ስክሪፕቱ የተማሪዎች ውጤት ባለበት ገጽ ላይ ይሮጣል። የመጣውን ጽሑፍ ለማጽዳት አትሞክሩ፤ ሦስት ሙሉ ቁጥሮች መሆናቸውን፣ እያንዳንዳቸውም ከ0 እስከ 255 መካከል መገኘታቸውን አረጋግጡና ካልሆነ በሙሉ አትቀበሉ። ፎንቱም ከተፈቀደው ዝርዝር ውስጥ መሆኑ ይረጋገጥ። ይህ ማረጋገጫ አስተዳዳሪው ሲያስቀምጥም፣ ሰርቨሩ ሲልክም መደረግ አለበት።

ሰሌዳ (ጠያቂ)

ገጹን የምናቀርበው በኤንጂንኤክስ ስለሆነ የኤስኤስአዩን መንገድ እንወስዳለን። ሁለት ተከታይ ጥያቄዎች አሉኝ። ወደ ቴይልዊንድ 4 ብንሸጋገር ይህ ሁሉ ይለወጣል? የራሳቸው ሰርቨር ላይ ብቻ እንዲጫንላቸው የጠየቁ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ ለእነሱስ ቢልድ ሲደረግ ማምጣቱ አይበቃም?

ማገር

ሁለተኛውን ላስቀድም። ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ የሚጫን ከሆነ፣ ቀለሙም በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማይለወጥ ከሆነ፣ ቢልድ ሲደረግ ማምጣቱ በቂ ነው። ያን ጊዜም ግን የመጠበቁን ሥራ ለኮንፊጉ አትስጡት። ኤፒአዩን የሚጠራ የተለየ ትንሽ ስክሪፕት ጻፉ፤ ውጤቱን በጄሰን ፋይል ያስቀምጥ፤ ኮንፊጉ ያን ፋይል በሲንክሮነስ መንገድ ያንብብ። ስክሪፕቱን በፓኬጅ ፋይሉ ውስጥ ፕሪቢልድ በሚለው ስም ካስመዘገባችሁት፣ ኤንፒኤም ቢልዱን ከመጀመሩ በፊት ራሱ ያስኬደዋል፣ ስክሪፕቱም ከወደቀ ቢልዱን አይቀጥልም። የጄሰን ፋይሉን በጊት ውስጥ ብታስቀምጡት፣ ቀለሙ መቼ እንደተለወጠ ይታወቃል፤ ኤፒአዩ በማይገኝበት ቀንም በመጨረሻው ቅጂ መሥራት ይቻላል።

በጥር 2025 በፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ቴይልዊንድ 4 ዋናውን ሐሳብ ያጠናክረዋል እንጂ አይለውጠውም። ቅንብሩ ከጃቫስክሪፕት ወጥቶ ወደ ሲኤስኤስ ፋይሉ ገብቷል፤ በቲም (@theme) መመሪያው ውስጥ የሚጻፍ እያንዳንዱ ቀለም በራሱ የሲኤስኤስ ተለዋዋጭ ይሆናል። የድሮውን የጃቫስክሪፕት ኮንፊግ በራሱ ፈልጎ አያነብም፤ ከሲኤስኤሱ ውስጥ በግልጽ ልታመለክቱት ይገባል። ግልጽነትን ቀለሞችን በሚቀላቅለው የሲኤስኤስ ከለር ሚክስ ፈንክሽን ስለሚሠራው፣ ተለዋዋጩ ሄክስም ቢይዝ ችግር የለውም። የእርሱ የቀለም ተለዋዋጮች በካስኬድ ሌየር (የስታይሎችን ቅድሚያ በሚወስን የሲኤስኤስ ንብርብር) ውስጥ ስለሚገቡም፣ ከሌየር ውጭ ያስገባችሁት ስታይል በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢመጣ ያሸንፋል። በ3.4 ግን ሁለቱ እኩል ክብደት ስላላቸው የእናንተ መስመሮች ከዋናው ፋይል በኋላ መግባታቸውን አረጋግጡ።

ከመሸጋገራችሁ በፊት ግን የወላጆቹን ስልክ እዩ። ቴይልዊንድ 4 ቢያንስ ክሮም 111፣ ሳፋሪ 16.4 ወይም ፋየርፎክስ 128 ይፈልጋል። የጎብኚዎቻችሁ መዝገብ ከዚያ ያነሱ ብራውዘሮችን በብዛት የሚያሳይ ከሆነ፣ በ3.4 መቆየቱን እመክራለሁ።

ቀስተ ደመና

አንድ ያልተነሳ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉም በላይ ወላጆቹን የሚነካው እሱ ነው። ቀለሙን ትምህርት ቤቱ ከመረጠ፣ በላዩ የሚጻፈው ጽሑፍ የሚነበብ መሆኑን ማረጋገጥ የእናንተ ኃላፊነት ይሆናል። ከላይ በምሳሌው የሰጠሁት 15 118 110 ላይ ነጭ ጽሑፍ ብታደርጉ የንጽጽር ምጣኔው 5.47 ለ1 ያህል ስለሆነ፣ ድረ ገጾች ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆኑ የወጣው የደብሊውሲኤጂ መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ከሚጠይቀው 4.5 ይበልጣል። በቢጫው 250 204 21 ላይ ግን ያው ነጭ ጽሑፍ 1.53 ብቻ ያገኛል፤ በፀሐይ ላይ ስልክ የያዘ ሰው ቁልፉን ሊያነብ አይችልም። ጥቁር ጽሑፍ በዚያው ቢጫ ላይ ከ13 በላይ ይሆናል።

ስለዚህ ሰርቨሩ ሦስቱን ቁጥሮች ሲያዘጋጅ የቀለሙን አንጻራዊ ብሩህነት አስልቶ፣ ከ0.179 በላይ ከሆነ ጥቁር፣ ከዚያ በታች ከሆነ ነጭ ጽሑፍ ይምረጥ፤ ምርጫውንም ከዋናው ቀለም አጠገብ በተጨማሪ መስመር ይላክ፦

--በዋና-ቀለም-ላይ: 255 255 255;

ቁልፎቻችሁ ላይ ነጭ የሚለውን ክላስ በቀጥታ የጻፋችሁባቸውን ቦታዎች ፈልጋችሁ በዚህ ተኩ። አስተዳዳሪው ቀለም በሚመርጥበት ገጽ ላይም ቁልፉ ምን እንደሚመስል ወዲያው ቢታየው፣ ከማስቀመጡ በፊት በራሱ ዓይን ይፈርዳል።

ጎህ

ረዳት ቀለሙንም እንዳትረሱ፤ ሊንክ በነጭ ገጽ ላይ በረዳት ቀለም የሚጻፍ ከሆነ ጥያቄው ይገለበጣል። እዚያ የሚለዋወጠው የጽሑፉ ቀለም ራሱ ስለሆነ ጥቁርና ነጭ መምረጥ አይረዳም። ከ4.5 በታች የሆነውን ቀለም ለቁልፍ መደብ ብቻ ፍቀዱ፤ ለሊንክ ግን በሰርቨሩ በኩል ምጣኔው እስኪደርስ ድረስ አጥቁራችሁ በሌላ ስም ላኩት። ዓርማው ላይ ያለው ቢጫ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ የሚነበበው ጽሑፍ ደግሞ ይነበባል።